ሰው የሌለበት ኔጌቲቭ

ጥር 3፣ መርሳ

ለማንም ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ፣ ደብተር። የባሌን የፊልም ኔጌቲቮች አያ ይማም አልሰረቁም። የቆራረጥኳቸው እኔ ነኝ። በመቀስ።

ሰኔ 2012 ዓ.ም.፣ ፀሐይ ቀለበት የሆነችበት እሑድ። ባሌ አራጋው ለፎቶ ወረቀት ደሴ ሄዷል። በባዶ ዓይን አትዩ ስለተባለ ጎረቤቱ ሁሉ ፎቶ ቤታችን በር ላይ ተሰልፏል፣ ኔጌቲቭ ስጪን እያለ። ሳጥኑን ከፈትኩ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ የመታወቂያ፣ ፊት ያለበትን ሁሉ መለስኩ። አንድ ፖስታ ሰው የሌለበት። ምድር ብቻ፣ ከሁሉም የጠቆረ። ለፀሐይ የሚሆነው ይኸው ነው አልኩ። ቆርጬ አደልኩ። ሲመሽ አንዱም አልተመለሰልኝም።

ለዓይንም እንደማይበጅ ኋላ መጽሐፍ ላይ አነበብኩ። ደግነቱ የታመመ የለም።

ያ ጥቁረት የበረሃ ብርሃን ነበር። ኔጌቲቭ ላይ በጣም የበራው በጣም ይጠቁራል። ሃያ ዓመት ፎቶ ቤት ተቀምጬ ይህን አላሰብኩም። አራጋው በወጣትነቱ በሾፌሩ በአያ ይማም አይሱዙ የጭነት መኪና አፋር በረሃ ወርዶ ያነሳው፣ ኮከብ የወደቀበት የሚሉት ያ ሰፊ ጉድጓድ። ሌላ ቅጂ የለውም።

ጥር 4፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ

ትናንት እጄ ዛለ። የቀረውን ልጨርስ።

ከወር በኋላ ከወልድያ ዩኒቨ. አንድ መምህር መጣ። ስሙ ዮናስ። ስለ ጉድጓዱ ሰምቷል፣ ፎቶውን ማየት ይፈልጋል። አራጋው ፖስታውን ከፈተ። ባዶ። ቦታውን የሚያውቅ ከሱ ሌላ አያ ይማም ብቻ። እኔን ማን ይጠረጥራል? በእድሩ ስብሰባ ላይ ቆሞ ሌባ አላቸው። ለፈረንጅ ሰጥተውታል አለ። ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ በሚቀባበርበት እድር፣ የአያ ይማም ስም ተሰረዘ። ቤታቸውን ዘግተው ሐራ ከተማ ገቡ።

እኔ ዳቦ እየቆረስኩ ነበር። ዝም አልኩ።

አራጋው ይመታኛል ብዬ አይደለም። አንድ ቀን አልመታኝም። የፎቶ ፖስታ ላይ ከተጻፈ ስም ማንበብ ስለምድ እንኳ አልሳቀብኝም። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል አራት ዓመት ሄደ። አምና ግንቦት ሞተ። አያ ይማም ቀብሩ ላይ መጡ። አካፋ አነሱ። የባሌ ወንድም ሞላ ከእጃቸው ቀማቸው። ያኔም ዝም አልኩ።

ጥር 8

መ/ር ዮናስ ደወለ። የቀረ አንድ ፎቶ እንኳ ካለ ብሎ። የለም አልኩ። ከዚያ አፌ ራሱ፣ እኔ አነሳዋለሁ አለ። መምህሩ ቀስ ብሎ ማስረዳት ጀመረ። ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ ይሁን በእሳተ ገሞራ ገና አልታወቀም፣ ድንጋዩ መመርመር አለበት፣ ለዚያ ግን መጀመሪያ ቅርጹን የሚያሳይ ፎቶ ያስፈልጋል። ገባኝ አልኩት።

ሞላ ሰማ። ማን እንደነገረው እንጃ። መጣ፣ ወንበር አልተቀበለም። ሙት ዓመት ሳይወጣ ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም፣ ያውም ከዚያ ሌባ ጋር በረሃ! አለ። «ጥቁር ለብሰሽ ጠፈርተኛ ልትሆኚ ነው፣ እትዬ ዘነቡ?»

ልብሱን አላወልቅም አልኩት። እሄዳለሁ ግን።

ካሜራውን ፈትሻለሁ። በጦርነቱ ቤቱ ሲዘረፍ ማሽላ ጆንያ ውስጥ ቀብሬ ያተረፍኩት ነው። ባትሪው ይሠራል።

ጥር 14፣ ሐራ

ጥምቀት አለፈ። መንገድ ክፍት ነው ሲሉ ሚኒባስ ያዝኩ።

አያ ይማም አርጅተዋል። አይሱዙዋም እንደሳቸው። በር ላይ ሲያዩኝ ግቢ አሉ። ሚስታቸው እርጎ አቀረበች። በመንገድ ሙሉ የለማመድኩትን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ሌላ ሆነ። ወደ ጉድጓዱ ይውሰዱኝ።

እስቲ ፈሪ በለኝ፣ ደብተር። መብትህ ነው።

አያ ይማም ሰኞ ወደ ጭፍራ ጭነት አለኝ፣ ከዚያ እናልፋለን አሉ። አንድ ነገር ብቻ። «ካሜራውን አንቺው አንገትሽ ላይ አንጠልጥይው። እሱንም ወሰደ እንዳይሉኝ።» ሚስታቸው ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

ጥር 19፣ ቀትር፣ ጉድጓዱ አፋፍ

ደርሰናል።

ምን ብዬ ልጻፈው። መርሳ ከነእርሻዋ ከነመስጊዷ ከነቤተ ክርስቲያኗ ብትገባበት አትሞላውም። ዙሪያው የተሰበረ ድንጋይ፣ ወደ ውጭ የተገፋ። ወዲያኛው ጠርዝ በሙቀቱ ይንቀጠቀጣል። ወፍ የለም።

አርባ ጊዜ ያህል አነሳሁ። የካሜራው መስታወት ላይ አየሁት። ሰፌድ። ጠፍጣፋ፣ ነጭ፣ ምንም ጥልቀት የሌለው ሰፌድ። ማንም ሰው የጤፍ አውድማ ነው ይለኛል።

አያ ይማም ከመኪናዋ ጥላ ሥር ጠሩኝ። ውሃ ሰጡኝ። አራጋውም የመጀመሪያ ቀን እንዲህ ተናዶ ነበር አሉ። ስሙን ካነሱ አምስት ዓመት ሳይሆናቸው አይቀርም። ከካሜራው ጋር የያዝኩትን የአራጋውን የፎቶ ማስታወሻ አወጣሁ። እዚህ ከመምጣቴ በፊት ማንበብ የነበረብኝን አሁን አነባለሁ። ፀሐይ አናት ላይ ሳለች አትንካው፣ ጥላ ሲወድቅ ብቻ። በአንድ ፎቶ አይገባም፣ ካሜራውን ከቦታው ሳታነቃንቅ እያዞርክ አንሳ፣ እያንዳንዱ የቀደመውን ሲሶ ይያዝ። መጠኑ እንዲታወቅ የታወቀ ነገር አስገባ።

የታወቀ ነገር። አይሱዙዋ ወለሉ ላይ ትውረድ አልኩ። አያ ይማም ወደ ታች አዩ። ጎማዬን ይበላዋል አሉ። ተነሥተው ቁልፋቸውን ፈለጉ።

ጥር 20፣ ጠዋት፣ ጭፍራ

አነሳሁት።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የኛ ጠርዝ ጥላ ወለሉ ላይ መሄድ ጀመረ። ጉድጓዱ ሲጠልቅ በዓይኔ አየሁት። ማዶ ያለው ግድግዳ ቀላ፣ እያንዳንዱ ስንጥቅ ወጣ። አይሱዙዋ መሃል ላይ፣ አቧራዋን ጎትታ፣ የጤፍ ፍሬ። ከግራ ወደ ቀኝ ዐሥራ ሦስት ፎቶ። ደግሜ። ደግሜ። ነጠላዬ በነፋስ ሌንሱ ላይ ሲመጣ አውልቄ በድንጋይ አስያዝኩት። ሐዘንተኛ በባዶ ራሷ። ሞላ ይይልኝ።

አያ ይማም ሲመለሱ ከመኪናዋ እስኪወርዱ አልጠበቅሁም። ሞተሩ ሳይጠፋ፣ መሪው ላይ እንዳሉ፣ ነገርኳቸው። እሑዱን፣ መቀሱን፣ ሰው የሌለበትን ፖስታ። እድሩ ላይ ዳቦ መቁረሴን።

መኪናዋን አጠፉ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ውረጂ ይሉኛል ብዬ።

«እኔማ እንዳልሰረቅሁ አውቃለሁ፣ ዘነቡ። ለሚያውቅ ሰው ነው የነገርሽው።»

ከዚያ ሞተር አስነሱ። ጭፍራ ስንደርስ የማድርበትን ቤት አሳይተውኝ፣ እራት መብላቴን አይተው፣ እሳቸው መኪናቸው ውስጥ ተኙ።

ጥር 22፣ ወልድያ ውዬ

መ/ር ዮናስ ፎቶዎቹን ኮምፒዩተር ላይ ገጣጥሞ አንድ አደረጋቸው። ክቡ ሙሉ ወጣ። ለማን ለማን እንደሚልክ፣ መቼ ቡድን ይዞ እንደሚወርድ ሲያወራ ግማሹ አልገባኝም። በማን ስም ላስመዝግበው አለ። በኔ አልኩት። ሲገርመኝ ነው የዋልኩት። በኔ!

መንገድ መሪሽስ ማን ይባል ብሎ ጠየቀ። ይማም በል አልኩ።

ጥር 24፣ መርሳ

ሞላ ዛሬ ፊቱ በርቷል። ወንበር ተቀበለ። ፎቶውን አይቶ ወንድሜ ትክክል ነበር እያለ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ እውነት ነውና።

ከዚያ ወረቀት አወጣ። የእድሩ ጸሐፊ እሱ ነው፤ ነገ እሑድ ለአባላቱ የሚያነበውን ጽፏል። ሌባ የቀማንን እትዬ ዘነቡ አስመለሰችልን ይላል።

ይህን አታነብም አልኩት። ለምን አለ። ነገርኩት። ቁጭ ብዬ፣ ድምፄን ሳላነሳ፣ ሁሉንም።

ገረጣ። ለማንም እንዳታወሪ አለ። አራጋው ሞቷል፣ መልስ አይሰጥም፣ በሐሰት ሰው ከሰሰ ሊባል ነው። ይማምስ ለምዶታል፣ ሐራ ተቀምጧል። የሟች ስም ያሳዝንሽ።

ያሳዝነኛል። በየማታው ያሳዝነኛል። አራጋው ግን የተሳሳተው እኔ ዝም ስላልኩ ነው፤ ስሙን ያበላሸሁት ዛሬ አይደለም፣ ያኔ ነው። አያ ይማም ነገ ቢሞቱ ከዚህ እድር አንድ ሰው አይወጣላቸውም። የሰረዛቸው ይህ ስብሰባ ነው፣ የሚመልሳቸውም እሱ ነው። ሞላ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከቶ ሄደ። ያነበዋል። አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ትቀደዳለህ፣ ደብተር። አትቀየመኝ።

ነገ ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ እነሣለሁ። እንዲሁ በጥቁሬ። ገጾቹን በሁሉም ፊት ለጸሐፊው እሰጣለሁ፣ ጮክ ብሎ ያንብብ። ድምፁ እምቢ ካለው ተቀብዬ ራሴ አነባለሁ።

ተቀባይ፦ የእድሩ ጸሐፊ፣ ሞላ።