በሩ ተከፍቶ ያልወጣሁበት ቀን

ልጄ ሰሚያ፣

ያለ ጥፋቴ ታሰርኩ፤ ከተፈታሁ በኋላ ደግሞ የከተማ መሳቂያ ሆንኩ። መሳቂያ ያደረገኝ የባልሽ አባት ዲኖ ነው። ይህን ያስቀደምኩት ቅሬታዬን በሰላምታ መሸፈን ስለማልወድ ነው። አሁን አሰላሙ ዓለይኩም። ደህና ነሽ ወይ? ባልሽ ለሚስ? የጅዳ ሙቀት ትንሿን ጁሀራን አላጎሳቆላትም? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የሮቤ ውርጭ ብቻ እናትሽን ጉልበቷን ይዟታል።

ከዲኖ ጋር እንድታረቅ በስልክ ለምነሽኝ ነበር። ስልክ ቤቱ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ጆሮውን ስለጣለብኝ ስልኩን ቶሎ ዘጋሁት። መልሴን ይኸው ሐጅ በሚሄደው በመሀመድአወል እጅ ልኬልሻለሁ።

ኮረብታው ላይ ያለውን የጎባን አሮጌ ወህኒ ቤት ታውቂዋለሽ። ሰው ሲከሳ "ኮረብታው ላይ ውጣ፣ ያወፍሩሃል" እየተባለ ይቀለድበታል። እኛም እስረኞቹ ውስጥ ሆነን እንቀልድበት ነበር፤ ቀልድ አልጠላም። ዲኖ ግን ሠርግ በተጠራ ቁጥር "ደርግ ሲወድቅ ጠባቂው ሸሸ፣ እስረኛው ሮጠ፤ ዓብዱልፈታሕ ብቻ እራቴን ሳልበላ የት እሄዳለሁ ብሎ ቀረ" ይላል። ዛሬ ሻይ ቤት ውስጥ የቆየ ሰው ሁሉ "እራቱን እየጠበቀ ነው" ይባላል።

እውነቱን ስሚ። የወሰዱኝ ሰዎች ጥፋቴን አልነገሩኝም፤ ስጠይቅ መልሱ ዱላ ነበር። በሩ ሲከፈት ሁሉም ሩጥ አሉኝ። የሚሮጠው ያጠፋ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። የተረፈ ባቄላ አግኝቼ በላሁ፤ ርቦኝ ነበር፣ አልክድም። በማግስቱ አንድ ታጋይ ገብቶ ምን እንደማደርግ ቢጠይቀኝ "ጥፋቴን ንገረኝ፣ ወይም የለብህም በለኝ" አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝና "የለብዎትም አባቴ፣ ይሂዱ" አለ። በገበያው መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቀስ ብዬ እየተራመድኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ባለፈው ጁምዓ ሽማግሌዎች ዲኖን ይዘውት መጡ። ካሳ አልጠየቅኩም። ሐሰቱን በተናገርክበት በሠርግ ድንኳን እውነቱን ተናገር አልኩት። "እውነቱማ አያስቅም" አለኝ። "ታዲያ አታስቃቸው" አልኩት። ነጠላውን ትከሻው ላይ ወርውሮ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ግትር አሉኝ፤ ይበሉኝ። ያኔም አንድ ቃል ጠብቄ ነው የወጣሁት፤ አሁንም እጠብቃለሁ። ዲኖ ያችን ቃል እስኪናገራት ድረስ ደጃፉን አልረግጥም። አንቺ ግን አክብሪው፤ ቅያሜው የእኔ እንጂ የአንቺ አይደለም።

እናትሽ ረቢያ በናፍቆት ሰላም ትልሻለች። ወንድምሽ ማሜና ሚስቱም ሰላም ይላሉ። ለሚን አባቱን ባለማባበሌ እንዳይቀየመኝ ንገሪው። ጁሀራን ጉንጯን ሳሚልኝ። ስታድግ ያን ቀልድ መስማቷ አይቀርም፤ ያን ቀን ይህን ወረቀት አንብቢላት። እኔ ግን ስለዚህ ነገር ከዛሬ ወዲያ፣ ለአንቺም ሆነ ለማንም፣ ትንፍሽ አልልም።

አባትሽ ዓብዱልፈታሕ
ሮቤ፣ ኅዳር 1998 ዓ.ም.