ለአንዷ አክሲዮን ስንት ደረሰ?

ኅዳር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.
ካዛንቺስ

ይድረስ ለምወድህና ለማዝንብህ ባለቤቴ ለበድሉ፦

እንዴት ከረምክ? የሐዋሳ ሙቀት ተስማምቶህ ይሆናል። እኔ ጉልበቴን እያመመኝም ቢሆን እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለአኩራፊ ሰው አልጽፍም ብዬ ነበር። የዛሬው ጉዳይ ግን ካንተ በቀር የሚገባው ሰው የለም።

ባለፈው እሁድ የአክሲዮን ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ነበር። ኢብሮ ዘንድሮም ሊቀመንበር ነው፤ ሱፉን ግጥም አድርጎ ቆመና አንተ ከሄድክ ወዲህ ሀብታችን ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም እንዳልቀረው ተናገረ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ እጄ እምቢ አለኝ። አንተ በየዓመቱ እየተነሳህ "ድስቱ ሞላ አትበሉኝ፤ ለአንድ ጭልፋ ስንት ሥጋ ደረሰ?" የምትለው ነገር ትዝ አለኝ። ያኔ ይስቁብህ ነበር።

ተነሳሁ። "ዕዳው ተቀንሶ የሚቀረው ሀብት ለአንዷ አክሲዮን ሲካፈል ስንት ይደርሳል?" አልኩ። ኢብሮ ወደ ሒሳብ ሹሙ ዞረ፤ ሒሳብ ሹሙ ካልኩሌተሩን ነካካ። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ብር። አንተ ስትሄድ እኮ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ነበረች!

የሆነው አንተ ያልከው ነው። አዲስ አባል በመጣ ቁጥር፣ እንደ እድር "ወንድም በወንድሙ ላይ አይነግድም" እያሉ፣ መሥራቾቹ በገዙባት በዚያችው በሺህ ብር አስገቡት። አሥራ ስምንት መቶ የምታወጣዋን በሺህ! ትርፉንም መስቀል በደረሰ ቁጥር ለአገር ቤት መግቢያ እያሉ ተከፋፍለው ጨረሱት። ድስቱን የሞላው ውሃ ነው። ኢብሮ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሰው ሲበተን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና "በድሉን ምቀኛ ብለን አስወጣነው" ብሎ አቀረቀረ።

እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ሰፈራችን ሊፈርስ ነው፤ ጎረቤታችን ፋኢዛ እንኳ ትናንት ዕቃዋን ጭና ሄደች። ለእኔ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደርሶኛል፤ ቅድሚያ ክፍያው አሥራ ስድስት ሺህ ብር ነው። ትተህልኝ የሄድካቸውን አሥር አክሲዮኖች ሸጬ እከፍላለሁ ብዬ ተማምኜ ነበር የተቀመጥኩት። አሁን አይደርሱም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈልኩ ዕጣው ለሌላ ያልፋል፤ እኔም ቄራ እህቴ ጓዳ እጠጋለሁ።

ብር ላክልኝ ማለቴ አይደለም። ባገኘውም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ለእኔ ለብቻዬ ምን ይሠራልኛል? ያስወጡህ ቀን በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ላንተ እጇን ያወጣች እኔ ብቻ ነበርኩ። የተጣላኸው ከማኅበሩ ነው፤ እኔን ለምን ተውከኝ? ይህን በደብዳቤ አትመልስልኝ፤ ፊት ለፊት ንገረኝ።

ቤቱን ከጥምቀት በኋላ እናፈርሳለን ብለዋል። የእህቴን አዲሱን ቤት አታውቀውም። የምትመጣ ከሆነ፣ የምታውቀው በር ሳይፈርስ ና።

ኡራኤል በሄድክበት ይከተልህ፤ እንጀራህን ከሰው ፊት አያድርግብህ።

አሁንም ባለቤትህ የሆንኩ
ሙሉነሽ