የጋሽ ሰይድ ቀኝ ዓይን

ሰኞ

የቀኝ ዓይናቸው ሌንስ የለችም። ሲቲ ስካኑን ደጋግሜ አየሁት፣ የለችም።

ጋሽ ሰይድ የቢስቲማ ሰው ናቸው። ልጃቸው ከማል ከጅዳ ሲገባ ሊቀበሉት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ሚኒባሱ ተገለበጠ። ራሳቸውን ስተው ደሴ፣ እኛ ጋ መጡ። ግራ ዓይናቸው ድሮ ጠፍቷል። ቀኙ አብጦ ተደፍኗል። የዓይን ሐኪሙ "በአደጋው ፈርጧል፤ ዛሬውኑ ከፍቼ ልስፋው" ይላል።

እኔ፣ የራጅ ሐኪሟ፣ በምስሉ ላይ የማየው ዓይን ግን ድቡልቡል ነው፤ አልሟሸሸም። ሌንሷ ወደ ኋላም አልወደቀችም። ይኼ የሐኪም እጅ ነው! የዓይን ሞራ አስወጥተው መሆን አለበት፤ ያኔ ሌንሷ አብራ ትወጣለች። ከማልን ጠየቅሁት።

"ወላሂ አባቴን ሐኪም ነክቶት አያውቅም! ሁሌ እንደዋወል የለ? ቢታከም አልሰማም?" አለኝ፣ ሻንጣውን እንደያዘ።

ተመልሼ ምስሉን ከፈትኩ።

ማክሰኞ

እንቅልፍ የሚባል አልነበረም። የከማል እናት እትዬ ዘይነባ እስኪደርሱ ይጠበቅ ብዬ ተሟገትኩ። ስልክ እምቢ ስላለ ሰው ልከናል። ዓይኑ በእርግጥ ፈርጦ ከሆነ በእኔ ግትርነት ሰውየው ታወሩ ማለት ነው። ካልሆነ ደግሞ ጭንቅላቱ የተመታ ሽማግሌ አደንዝዘን ደህና ዓይን ልንከፍት ነው።

"ብትሳሳቺስ?" አለኝ ሐኪሙ።

"እርስዎስ ቢሳሳቱ?" ብዬ ጮህኩ፣ ነርሶቹ ፊት። ኧረ እኔስ ምን ነካኝ!

ከቀትር በኋላ የሐኪሙ ትዕግሥት አለቀ። አልጋውን ወደ ኦፕሬሽን ክፍል መግፋት ሲጀምሩ እትዬ ዘይነባ አቧራ ለብሰው ደረሱ። ሰላምታም ሳልሰጥ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ ልጃቸውን አዩት።

"አዎ፣ ሞራው ወጥቶላቸዋል። አንተ በሰው አገር ሆነህ ሆድህ እንዳይባባ ብለን ነው፣ ልጄ።" ከጉያቸው ወፍራም መነጽር አወጡ። "ያለዚህ አይታያቸውም። ይኼ አሮጌው ነው፤ አዲሱን አድርገውት ነበር የወጡት።"

አልጋው ተመለሰ። ከማል ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ ፊቱን በእጁ ሲሸፍን እጅጌው ተሰበሰበ።

"ሌላስ ምን ደብቃችሁኛል?"

እናቱ መነጽሩን መልሰው ጉያቸው ከተቱት።

ረቡዕ

አልነቁም። እብጠቱም አልጎደለም። ሐኪሙ "ሻይ ጠጥተሻል?" ብሎኝ አለፈ። ይቅርታው ይኼ ከሆነ ተቀብያለሁ። ግን እኮ እብጠቱ ጎድሎ ዓይኑ እስኪገለጥ ድረስ ማንም እርግጠኛ አይደለም፤ እኔም ጭምር።

ሐሙስ

ነቁ! እብጠቱም ጎደለ፤ ሐኪሙ የዓይን ቆባቸውን ገልጦ በባትሪ አየ። አልፈረጠም። የቆየ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ብቻ። ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

ስመለስ እትዬ ዘይነባ መነጽሩን እያደረጉላቸው ነው። ጋሽ ሰይድ ልጃቸውን ብዙ አዩት።

"ከማል... አልሃምዱሊላህ። ምነው እንዲህ ከሳህ? ምን አገኘህ?"

"ምንም አላገኘኝም አባ፣ አብሽሩ። የመንገድ ድካም ነው።"

እጅጌውን እስከ መዳፉ ሳበው። ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ ማክሰኞ አይቼዋለሁ፤ እሱ የሐኪም እጅ አይደለም። ምስጢሩን ለራሱ ተውኩለት።