ከኋላ ወንበር የሚመጣው መልስ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3
ዝናብ። ካፖርቴ እስካሁን አልደረቀም። የክፍሌ ማሞቂያ ደግሞ ተበላሽቷል፤ ልጆቹ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ጀርመንኛ ተማሩ። ተማሩ ከተባለ... "ከእኔ በኋላ በሉ" ስል ሁሉም በአንድ ላይ ይላሉ። አንድ በአንድ ስጠይቅ ግን ጠረጴዛ ጠረጴዛውን ያያሉ። አሥረኛ ክፍል ሆነው፣ የት እንደሚኖሩ መናገር ያቅታቸው?

ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ሆልሮይድ ኮሪደር ላይ ያዙኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ገብተው ያዳምጣሉ። ልጆቹ ካልተናገሩ፣ ጀርመንኛ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ይዘጋል። ያኔ እኔም ሥራ የለኝም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4
የቋንቋ ክፍሉ ኃላፊ ዊኒ ሻይዋን እየጠጣች ሳቀችብኝ።
"ዝምታ ትፈሪያለሽ፣ የኔ ቆንጆ። አዲስ አስተማሪ ሁሉ ይፈራል። ጠይቂ፣ ከዚያ ዝም በይ። አንዴ ራስሽ ከመለስሽ አለቀልሽ፤ ሁለተኛ አፋቸውን አይከፍቱልሽም።"
"እስከ መቼ ልጠብቅ?"
"እስኪያሳፍርሽ። ከዚያ ትንሽ ጨምሪበት።"

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6
ሞከርኩት። "የት ነው የምትኖሩት?" አልኩና ዝም አልኩ። ጠበቅሁ... ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ መልስ መጣ። ከኋላ፣ ከመስኮቱ ጥግ። ጥርት ያለ ጀርመንኛ፣ የትልቅ ሴት ድምፅ።

እዚያ ማንም አይቀመጥም። ትርፍ ወንበሮች ናቸው የተደረደሩት።

ዞሮ ያየ ልጅ የለም። ታምሲን የምትባለው ተማሪዬ ማስቲካዋን እያኘከች፣ "ሚስ፣ ጥያቄው ተመለሰ እኮ። ይቀጥሉ እንጂ" አለችኝ።

አርብ፣ ኖቬምበር 7
ታምሲንን ከትምህርት በኋላ አስቀረኋት።
"ማን ናት?"
"ሚስስ ኤንትዊስል ናቸዋ! ከእርስዎ በፊት ያስተማሩን። አምና የሞቱት።" ቦርሳዋን አነገተች። "በሕይወት እያሉም እንደዚሁ ነበሩ። ይጠይቃሉ፣ እኛ አፋችንን ሳንከፍት ራሳቸው ይመልሳሉ። ታዲያ እኛ ምን አስጨነቀን?"
"አትፈሩም?"
"የምንፈራው ሒሳብ ክፍል ነው፣ ሚስ። እዚያ የሚመልስልን የለም።"
ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን መብራቱን ሁሉ አበራሁ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12
ድምፁ ሲጀምር እጄን አነሳሁ። "አመሰግናለሁ። ሌላ ሰው?" አልኩ፤ ለቀልቃላ ተማሪ እንደምለው። ቆመ። ከዚያ ዝም... ዝም... ታምሲን ቀስ ብላ፣ እየተደናቀፈች፣ "እኔ... ከአያቴ ጋር... እኖራለሁ" አለች። በጀርመንኛ! ብዙ ቦታ ተሳስታለች፤ ግድ የለኝም። እንባዬ ሊመጣ ነበር፣ ደስ ብሎኝ። ሌሎች ሁለት ልጆችም ተከተሏት።

ጥጉ ላይ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። አላየሁም። ማየት አልፈለግሁም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 17
ሚስተር ሆልሮይድ ገቡ። በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

ጠየቅሁ። ዝምታ። ያ ድምፅም የለም። ታምሲን ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች... ልትናገር ነበር። አሁን ሳስበው፣ ልትናገር ነበር። ሰውዬው ሰዓታቸውን አዩ። ፈራሁ። ራሴ መለስኩ። ደግሜ ጠየቅሁ፣ ደግሜ መለስኩ፤ እስከ መጨረሻው እንደዚያው። ታምሲን አንገቷን ደፋች።

ሚስተር ሆልሮይድ ሲወጡ ፊታቸው በርቷል። "ድንቅ ነው! እንዲህ ይናገራሉ ብዬ አልጠበቅሁም። በተለይ ያቺ ከኋላ ያለችው!" ጀርመንኛ አይዘጋም አሉኝ።

ከኋላ? እኔ እኮ ሰሌዳው አጠገብ ነበርኩ። ከእኔ ሌላ ደግሞ የተናገረ የለም...

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 19
ድምፄ ጠፋ። ሹክሹክታ እንኳ የለም። ለዊኒ መልእክት ልኬ ቤት ቀረሁ፤ በእኔ ቦታ እሷ ገባች። ከሰዓት በኋላ ደወለች። ተቆጥታለች።

"አሞኛል ብለሽ ልከሽብኝ፣ ከኋላ ተቀምጠሽ ትመልሻለሽ? ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አላየሁሽም እንጂ፣ ድምፅሽን አጣዋለሁ? ልጆቹን እኮ ትንፍሽ አላስባልሻቸውም! ያቺ ታምሲን እጇን አውጥታ አውጥታ ተወችው። ምን ብዬሽ ነበር?"

እኔ አይደለሁም ልላት አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም።

"ሄሎ? አሁን ደግሞ ዝም ትያለሽ?" አለችና ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።