እናትሽ ክርክሩን ስታዳምጥ

ይድረስ ባሕር አቋርጦ አውስትራሊያ ላለችው ልጄ ለሶርቻ። እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እዚህ ስላይጎ ደህና ነን፤ ናፍቆትሽ ብቻ አልተሻለውም።

ማክሰኞ የፕሬዚዳንት ዕጩዎቹን ክርክር በቴሌቪዥን አየን። ጎረቤታችን ፌሊም «ሁሉም ቀጣፊ!» እያለ ሻዩን ምንጣፉ ላይ ደፋው። እናትሽ ወንበሯን ቴሌቪዥኑ ሥር አስጠግታ ተከራካሪዎቹን በድምፃቸው ለየቻቸው። «ይኼኛው ሊዋሽ ሲል ትንፋሽ ይስባል» ስትል በሳቅ ፈረስን። ፌሊም «አትራክታ፣ የሴትዮዋ ቀሚስ እንዴት ነው?» አላት። «ያምራል» አለችና እጄን ያዝ አድርጋ በጆሮዬ «ቀለሙ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አረንጓዴ» አልኳት።

ደብዳቤዎችሽን አሁን የማነብላት እኔ ነኝ፤ ስምሽ ላይ ስደርስ «ድገመው» ትለኛለች። ለገና እመጣለሁ ብለሽ ነበር። ከቻልሽ ቀደም ብለሽ ነዪ፤ እናትሽ ፊትሽን ማየት ትፈልጋለች።

ደጃችን ላይ ያገናኘን።
አባትሽ ማላኪ