የአቦይ ጨረቃና ግማሽ ኪሎ ምስር

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27

አነሳኋት! ከኩሽናው መስኮት፣ በአዲሱ ስልኬ። ዳመናው ውስጥ ክብ ብላ፣ ነጭ ሆና፣ ዙሪያዋን ጭጋግ ከቧት። ስልኩ ራሱ ጥግ ላይ የጨረቃ ምልክት አወጣ። ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ?

እየሮጥኩ አባቴ ክፍል ገባሁ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዳዊት እየደገሙ ነበር። «አቦይ፣ ጨረቃ ይቺውልዎት» አልኳቸው። ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። የቀኝ ዓይናቸው ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ ሞራው ከሩቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። የግራውም እየተከተለው ነው።

«ወዴት ነው ያየሻት?» አሉኝ።

«በምሥራቅ በኩል። ሙሉ ናት።»

እንግዲህ መሪጌታ አይደሉ? ጣታቸውን ዘርግተው በአንጓዎቹ ላይ ይቆጥሩ ጀመር። አበቅቴውን፣ ወሩን፣ ቀኑን ደመሩ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስህተት ነው ጓለይ፣ ልጄ። ጨረቃ ዛሬ ገና አሥር ቀኗ ነው፤ በአሥር ቀኗ አትሞላም። ደግሞ በዚህ ሰዓት ምሥራቅ ላይ ምን ትሠራለች? ከፍ ብላ ወደ ደቡብ ነው የምትገኘው።»

«ስልኩ እኮ ጨረቃ ናት ብሏል!»

«ስልኩ የየትኛው ጉባኤ ቤት ተማሪ ነው?»

ተናድጄ ወጣሁ። ዓይን ያለኝ እኔ፣ የምታረመውም እኔ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

ጠዋት ሻይ እስኪፈላ በኩሽናው መስኮት ወጣ ብዬ አየሁ። ከመንገዱ ማዶ በሚሠራው ፎቅ ላይ ክሬን ቆሟል። ክሬኑ ላይ ክብ ትልቅ አምፖል አለ።

የክሬን መብራት ነው ያነሳሁት።

ቢሮ ስውል ሁሉ ለብቻዬ እየሳቅሁ፣ እያፈርኩም ነበር። ማታ ለአቦይ ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። ላምበረት መናኸሪያ ከነመጽሐፍ ጆንያቸው ከተቀበልኳቸው ሁለት ዓመት አለፈ፤ እንዲህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

ግን አንድ ነገር እዚህ ልናዘዝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማታው ይጠይቁኛል፦ «ጓለይ፣ ጨረቃ ወጣች?» እኔ ደግሞ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ቀና ብዬ እንኳ ሳላይ፣ «ወጣች» እላለሁ። እሳቸው በጣታቸው ስለሚያውቁ ዝም ይላሉ። ስንት ጊዜ ያልወጣችውን ወጣች ብዬ ይሆን? ፎቶ ማንሳት የጀመርኩትም ለዚሁ ነው፤ ቢያንስ ቀና ብዬ እንዳይ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 30

ሦስት ማታ ሙከራ። እስካሁን የተማርኩት፦

— ያቺ ጥግ ላይ ያየኋት የጨረቃ ምልክት ለካ የናይት ሞድ፣ የጨለማ ማንሻው ምልክት ናት። በናይት ሞድ ሲነሳ እጅ መንቀሳቀስ የለበትም። የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል።
— ቁልፉን በጣት መንካት ራሱ ያንቀጠቅጣል። የሦስት ሰከንድ ቆጣሪ ሞልቶ እጅን ማንሳት ነው።
— ጨረቃን ብቻ ለማንሳት ስክሪኑ ላይ እሷን ነክቶ ብርሃኑን ወደ ታች መሳብ። አለዚያ እንቁላል ትመስላለች።
— ቦሌ አካባቢ የሚኖር ሰው ሰማይ ከማንሳቱ በፊት አውሮፕላን እስኪያልፍ ይጠብቅ። ዛሬ ብቻ አራት ፎቶ በአውሮፕላን ተሰነጠቀብኝ።
— የኮሪደሩን መብራት የሚያጠፋ ጎረቤት ብርቅ ነው።

ቢሮ ውስጥ ወሬው ሁሉ የእሑድ ማታው ግርዶሽ ነው። ለአቦይ ስነግራቸው ገና ሳልጨርስ መቁጠር ጀመሩ። «እሑድ ትሞላለች። ሳትሞላ አትጋረድምና ልክ ነው፤ ይሆናል» አሉ። ፊታቸው በራ።

ይህን አይቼ ደፈርኩና የፈራሁትን አነሳሁ። ዛሬ ከሆስፒታሉ ደውለው ነበር፤ የቀኝ ዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ሁለት ቀጠሮ አስቀርተዋል። ይሄኛው ከቀረ ወረፋው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ሐኪሟም በዘገየ ቁጥር ሞራው እየጠጠረ ይከብዳል ብላኛለች።

«አያስፈልገኝም» አሉ፤ እንደ ወትሮው። «ዳዊቱን በቃሌ እደግማለሁ። ዘመኑን በጣቴ እቆጥራለሁ። ዓይን ለምኔ ነው?»

ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ፤ ሽንኩርት እንኳ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1

ሾላ ገበያ ሄጄ ለበዓሉ ሽንኩርትና ቅመም ገዛሁ። ግማሽ ኪሎ ምስርም። ምስሩ ለወጥ አይደለም። ከረጢቱን አስሬ ስልኩን ላዩ ላይ ሳስቀምጠው እንደ ትራስ ይቀበለዋል፤ ወደፈለግሁበት አዘንብዬ ስተወው ንቅንቅ አይልም። ባለ ሦስት እግሩ ትራይፖድ ለምኔ!

የቀረኝ ጣሪያው ነው። ከመስኮቴ የሚታየው ክሬን ብቻ ነው፤ የኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ ቁልፍ ደግሞ ጥበቃው ጋሽ ደምሴ ዘንድ ነው።

«አይቻልም» አሉኝ ጋሽ ደምሴ። «ኤርፖርት ቅርብ ነው። ሰው ጣሪያ ላይ ሆኖ ፎቶ ያነሳል ቢባል የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ጨረቃን እኮ ነው ጋሽ ደምሴ!»

«ጨረቃን ከታች ሆነሽስ ብታነሻት ምን ትልሻለች?»

ተስፋ ቆርጬ ደረጃውን ስጀምር ድምፃቸው ተከተለኝ። «ለመሆኑ ለማን ነው?» ለአቦይ ነው አልኳቸው። የቁልፉን ቀለበት ከኪሳቸው አወጡ። ከዚያ፦ «ለመሪጌታ ከሆነ ሌላ ነው። እኔም አብሬ ወጥቼ እቆማለሁ። ወደ ኤርፖርቱ ግን አታዙሪው።»

እሑድ፣ ጳጉሜን 2

ከየት ልጀምር?

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰማዩ ድፍን ዳመና። ሁለት ሰዓት ላይ ካፊያ። አቦይ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ሳሎን ተቀምጠዋል። እኔ በመስኮትና በበር መካከል እመላለሳለሁ። ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ መብራት ጠፋ።

ሕንፃው በሙሉ «ውይ!» አለ። እኔ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት ሲጠፋ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ክሬኑ ጠፋ፣ ኮሪደሩ ጠፋ፣ እስከ ኢምፔሪያል ሆቴል ድረስ ያለው ሁሉ ጠፋ።

ደረጃው ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ። የጋሽ ደምሴ ባትሪ አልበራ አለ፤ እኔ የስልኬን ቻርጅ እሰስታለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ወይዘሮ አልማዝም ሰምተው ተከትለውናል። ሁላችንም ግድግዳ እየዳበስን ቆምን። አቦይ በመሃላችን አልፈው ከፊት ሆኑ። «እጄን ያዙ» አሉ። «ጨለማ ለእኔ አዲስ አይደለም።» ሦስት የምናይ ሰዎች፣ አንድ የማያዩ ሽማግሌ መርተውን፣ ደረጃ እየቆጠሩልን ጣሪያ ደረስን።

እዚያ ስንወጣ ዳመናው እንደ መጋረጃ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ መሃል እሷ።

አነሳሁ። ምስሩን የውኃ ታንከሩ መቆሚያ ላይ አድርጌ ደጋግሜ አነሳሁ። ወይዘሮ አልማዝ አማተቡ። «ደም ለብሳለች! ምን ሊመጣብን ይሆን?»

«ምንም አይመጣም ልጄ» አሉ አቦይ። «ምድር ጥላዋን ጥላባት ነው። ታልፋለች።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ቀለሟ ምን ዓይነት ነው?»

«ቀይ» አልኩ።

«ምን ዓይነት ቀይ?»

ሊጠፋ ያለ ፍም ትመስላለች አልኩ። ወይዘሮ አልማዝ የለም፣ ደም ነው አሉ። ጋሽ ደምሴ ደግሞ የዛገ ቆርቆሮ ነው ብለው ድርቅ አሉ። አቦይ ሁላችንንም ሰሙ። ወደ ሰማይ ቀና ብለው ግራ ዓይናቸውን አጠበቡ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ስልኩን ሰጠኋቸው። አስጠጉት፣ አራቁት፣ አዘነበሉት፣ መለሱልኝ።

«ዕድሜዋን ቆጠርኩ። ሰዓቷን አወቅሁ። ሦስት ሰው ሦስት ቀለም ነገረኝ» አሉ። ፊታቸውን ወደ ሰማይ መልሰው፦ «አይታየኝም።»

በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሁልጊዜ የሚሉት «አያስፈልገኝም» ነው።

ዳመናው ተመልሶ ዘጋ። ስንወርድ አራተኛ ፎቅ ላይ ቆም አሉ። «ማክሰኞ ስንት ሰዓት ነው ያልሽው?»

«ሁለት ሰዓት» አልኩ። በጨለማው እንባዬ አልታየም።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ዘነበ። ልጆቹ ግቢ ውስጥ እየጮሁ ይታጠባሉ። አቦይ በረንዳ ወጥተው ፊታቸውን ለዝናቡ ሰጡ፤ ዓይናቸውን ገልጠው።

ደነገጥኩ፣ እውነቱን ለመናገር። የሩፋኤል ዝናብ ይበቃኛል፣ ነገ አልሄድም ሊሉ ነው ብዬ። ፎጣ ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ፤ ለመጠየቅ ግን ፈራሁ።

የገባቸው መሰለኝ። ፊታቸውን እየጠረጉ፦ «ፈዋሽ መልአክ ሐኪም አይከለክልም ጓለይ። ነጠላዬን አዘጋጂልኝ» አሉ።

ፎቶዎቹን ስመለከት አመሸሁ። ከሃያ ሦስቱ አንዷ ብቻ ውብ ናት። ቀይ፣ ክብ፣ ከጎኗም ጥቂት ከዋክብት። ጠዋት ቢሮ ውስጥ ለሁሉም አሳይቻታለሁ። «ራስሽ ነሽ ያነሳሽው?» ያላለ የለም። ትንሽ ኮርቻለሁ። ትንሽ አይደለም፣ በጣም።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 4

ሄዱ። ገቡ። ወጡ። ዓይናቸው ተሸፍኖ ተመለስን።

ሊገቡ ሲሉ እጄን ይዘው በጆሮዬ፦ «እስከ ዛሬ ፈርቼ ነው እንጂ ዓይንማ ያስፈልገኛል» አሉኝ። መተላለፊያው ላይ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ያህል ጸለይኩ፤ መሃል ላይ እየረሳሁ እንደገና ከመጀመሪያው።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 5

ጠዋት መሸፈኛው ተነሳ። ሐኪሟ ጣት እያሳየች ጠየቀቻቸው፤ ቆጠሩ። ግን «እንዴት ነው?» ስላቸው «ጉም ነው» አሉ። ሐኪሟ ቀናት ይፈልጋል፣ ጠብታውን በሰዓቱ አድርጊላቸው፣ አትጨነቂ አለችኝ። አትጨነቂ ማለት ለእሷ ቀላል ነው።

ቀኑን ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኙ። ማታም «ጨረቃ ወጣች?» አላሉኝም። እኔ ነኝ የገፋኋቸው። ባይሆንስ? ከነበራቸውም ቢቀንስስ?

ጾም ነው፤ ቤት ውስጥ ሌላ ነገር ስላልነበረ ምስሩን ሠራሁት። ሁለታችንም በላን።

ሐሙስ፣ መስከረም 1

እንቁጣጣሽ። አበባ የያዙት ልጆች ዘፍነው ሄዱ። ዶሮው ተበላ። እኔ ቀኑን ሙሉ አቦይን በስርቆት ሳያቸው ዋልኩ፤ እንዳልጠይቅ ፈርቼ፣ እንዳልተው አልችል ብዬ።

አመሻሹ ላይ ጠብታቸውን አድርጌላቸው ልነሳ ስል፦ «የዚያን ዕለቷን አሳዪኝ» አሉ።

ውቧን ፎቶ ከፍቼ ሰጠኋቸው። ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ስልኩን ወደ አፍንጫቸው አላስጠጉትም፤ ክንዳቸውን ዘርግተው ያዙት። ረጅም ጊዜ አዩ።

«ብዥ ብላለች» አሉ።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። አይዞዎት፣ ቀን ይፈልጋል ተብሏል፣ ልል አፌን ስከፍት እሳቸው ቀጠሉ።

«ከላይ ያለው ቁጥር ግን ጥርት ብሏል። ስምንት ከአርባ ሰባት። የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በእኛ ሁለት ከአርባ ሰባት። ቁጥሩ ጠርቶ ጨረቃዋ ለምን ትደበዝዛለች? እነዚህን ከዋክብትም እያቸው፣ ጅራት አላቸው። እጅሽ ተንቀጥቅጧል ጓለይ።»

ስልኩን ነጠቅኳቸው። በሁለት ጣቴ ከፍቼ አጎላሁት። ጅራት! እያንዳንዱ ኮከብ ትንሽ ጅራት አለው። የጨረቃዋም ዳር ድርብ ነው። በዚያች ማታ ከደስታ ብዛት ቆጣሪውን መሙላት ረስቻለሁ፤ በጣቴ እየተጫንኩ ነው ያነሳሁት። ቢሮው በሙሉ አይቶ ያላየውን፣ እኔ አራት ማታ አቅፌ ያደርኩትን፣ ከትናንት ወዲያ የተሠራ አንድ ዓይን አየው።

አለቀስኩ፣ ሳቅኩም። እንዲህ ያለ ነቀፌታ ተነቅፌ አላውቅም።

«ቀለሟስ?» አልኳቸው አፍንጫዬን እየጠረግሁ።

እንደገና አዩ። «ደምሴ ነው ልክ። ዝገት ነው።»

ከዚያ ጣታቸውን ዘርግተው ቆጠሩ። «ዛሬ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው የምትወጣው፤ ከጎኗ ጎደል ብላለች። በደንብ እናነሳታለን። ምስርሽን አምጪው።»

«ትናንት በላነው እኮ አቦይ።»

እንደዚያ የክሬኑ ቀን ሳቁ። ጓዳ ገብቼ ፈለግሁ፤ ግማሽ ኪሎ ክክ አለ። ጋሽ ደምሴ ቁልፉን ይዘው እየመጡ ነው። ሰማዩ ላይ ትንሽ ዳመና አለ፤ ይገፈፍ ወይም አይገፈፍ እንደሆን አላውቅም። አቦይ የዓይናቸውን መከለያ አድርገው በሩ ጋ ቆመዋል፤ ቶሎ በይ እያሉኝ ነው።