በድረ ገጹ ላይ የወጣው የአባትሽ ስም

ውድ ብሩክታዊት፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ስልክ አታነሺም፤ እኔም ወንበር ላይ መርጋት አቅቶኛል። ከሴቻ ሰፈር እስከ ሲቀላ ሰፈር በእግሬ ወርጄ ደግሞ እመለሳለሁ።

የአባትሽን ፍርድ በፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሠራተኛ መስሎሽ ከሆነ ይኸው ነገርኩሽ።

ድረ ገጹን ስንጀምር እንዴት እንደፈነጠዝኩ ታውቂያለሽ። አባትሽ ከገረሴ ድረስ ወርደው «ቀጠሮው ተቀይሯል» እየተባሉ ስንቴ ተመለሱ! አሁን ሰው ቀጠሮውን በስልኩ ያያል። ዳኛውም ፍርዱን ማንም እንደሚያነበው እያወቀ ይጽፋል። በዚህ ዛሬም አምናለሁ።

ባለፈው ወር የቆዩ ፍርዶችን ስጭን የአባትሽና የአጎትሽ የዘርአብሩክ የወሰን ክርክር መጣ። እጄ ቆመ። ሽማግሌዎቹ በእርቅ አደባባዩ፣ ዱቡሻ ላይ፣ ሁለቱን ወንድማማቾች ሲያስታርቁ ከሴቶቹ ጋር ዳር ቆመን አልነበር? «ከዛሬ ወዲያ ይህን ነገር ያነሳ እርቁን አፈረሰ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፍርዱ ግን አባትሽ ሐሰተኛ ሰነድ እንዳቀረቡ ስማቸውን ጠቅሶ ይናገራል። ለጓደኛዬ ብዬ ብዘለው ያው የድሮው የዘመድ አሠራር ነው አልኩና ጫንኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ በራሴ ኮርቼም ነበር።

ቅዳሜ የአጎትሽ ልጅ ጌዲዮን ገበያ መሃል ከስልኩ ላይ ጮክ ብሎ ማንበቡን ሰማሁ። አባትሽ ከዚያ ወዲህ ከቤት አይወጡም አሉኝ። ሁለቱ ወንድማማቾችም ሰላምታ አቁመዋል።

ለሰብሳቢ ዳኛው ሄጄ ነገርኳቸው።

«ፍርዱ ድረ ገጹ ላይ ይቆይ፤ ስሙን እንዳለ አውጪው ያለሽ ማን ነው? በፊደል ተኪው፣ ከሥሩም በእርቅ ማለቁን ጻፊ» አሉኝ። ከዚያ፣ «ዱቡሻው ላይ ግን እኔ ጠበቃ አልቆምልሽም» አሉ።

አሁን የሁሉንም ባለጉዳይ ስም እንደዚያ እየተካሁ ነው። ቀድሞ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ ኩራቴ አላስጠየቀኝም።

እሁድ ገረሴ እመጣለሁ። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ፣ እርቁን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፣ ጌዲዮን ያነበበው እኔ ያወጣሁትን ነው እላለሁ። አባትሽ ፊታቸውን ቢያዞሩብኝ እችለዋለሁ። አንቺን ከዚያ መሃል ማጣቱን ግን አልችለውም።

አትቀየሚኝ አልልሽም። ተቀየሚኝ፤ ግን ነይ።

ጥፋቷን ይዛ የምትመጣው፣
ኖላዊት